ምች ነው ያልነው ራስ ምታት

መጀመሪያ ያመመኝ ግንባሬን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር። ከቅንድቦቼ በላይ አንድ ሰው መቀነት አጥብቆ ያሰረብኝ መሰለኝ። ትኩሳት አልነበረኝም። አላሳለኝም፣ አላስነጠሰኝም። ወደ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ትንሽ ቆየሁ፤ ተወኝ። ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ያው ሕመም መጣ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በዙሪያዬ ከእኔ የባሰ ያልታመመ ሰው አልነበረምና።

ይህን የምጽፈው በቤት ውስጥ በጋዝ ውሃ ማሞቂያ ለሚገለገሉና በዚያው ታመው ገና በማገገም ላይ ላሉ ሰዎች ነው። የጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በራሴ ላይ የደረሰውን እንደደረሰ እጽፋለሁ፤ ሐኪሙ የነገሩኝን ደግሞ የእሳቸው ቃል መሆኑን እጠቅሳለሁ።

በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ በበረታበት ጊዜ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎቹን በየመጠለያው ሲመድብ ለእኔ ቆቦ ደረሰኝ። የጎረቤቷ የጎብዬ ልጅ ስለሆንኩ አገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። መጠለያው የነበረው በዋናው መንገድ ዳር፣ የመንገድ ሠራተኞች ትተውት በሄዱት ካምፕ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ከብታቸው ካለቀ በኋላ ከዞብል ተራራ ሥርና ከሌሎች የራያ ቆላ መንደሮች በእግራቸው የመጡ ነበሩ። በልብሳቸው ቅማል ነበረ። ቅማሉ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ያስተላልፋል፤ ረሃብ ያደከመው ሰው ደግሞ ሁለቱንም አይችልም። በመሆኑም አዲስ የመጣ ሁሉ ወደ መጠለያው ከመግባቱ በፊት ልብሱ ይቀቀላል፣ ገላው በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ልብሱ የሚቀቀለው ውጭ፣ በእንጨት እሳት ነበር። ሴቶችና ሕፃናት የሚታጠቡት ግን ቀድሞ የመሐንዲሱ መኖሪያ በነበረው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው የተሰቀለው እዚያ ነበር።

ማሞቂያው ነጭ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ከሥሩ አንድ የውሃ ቧንቧና ከሲሊንደር የሚመጣ አንድ የጋዝ ቧንቧ ይገባሉ። ከላዩ የጭስ መውጫ ቱቦ ተነስቶ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ፊቱ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት እሳቱ ይታያል። ውሃው ሲከፈት፣ ሁልጊዜ የምትበራው ትንሿ እሳት ትልቁን ታቀጣጥላለች፤ ውሃው ሲዘጋ ትልቁ እሳት ይጠፋል። የተሠራው ጠዋትና ማታ ገላውን ለሚታጠብ አንድ ቤተሰብ ነበር። እኛ ቀኑን ሙሉ እናነደው ነበር።

የካምፑ መካኒክ ጋሽ ካሳ ሲያስረክቡኝ የተናገሩትን በደብተሬ ጻፍኩ።

«ተማሪዋ፣ ይህ ዕቃ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ዓይን ዓይኑን ካላየሽው ያኮርፋል» አሉኝ። «በታንከሩ ውስጥ ውሃው ካነሰ እሳቱ አይነሳልሽም። ያን ጊዜ ውሃ አስሞይ እንጂ ሣጥኑን አትደብድቢው። ጋዝ ከሸተተሽ ክብሪት እንዳትጭሪ፤ ሲሊንደሩን ዝጊና በሩን ክፈቺ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሲሆን ካየሽ አጥፊውና ጥሪኝ። ይህን ቱቦና ያንን የላይኛውን የአየር ቀዳዳ ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ።»

«ለምን ጋሽ ካሳ?»

«ታዲያ ጭሱ የት ይሂድ? ሳንባሽ ውስጥ ይደር?»

የመጨረሻውን ሳይቀር ጽፌ ከሥሩ አሠመርኩበት። ስለዚህ አልተነገረኝም ማለት አልችልም።

የቆቦ ሜዳ ነፋስ ከሰዓት በኋላ አቧራ ይዞ ይመጣል። ቱቦው አጭር ነበር፤ ጫፉም ክዳን አልነበረውም። ነፋሱ በቱቦው ተመልሶ እየወረደ ትንሿን እሳት ያጠፋታል። በአየር ቀዳዳው ደግሞ አቧራው በእርጥብ ገላ ላይ ይበተናል። እኔ እሳቱን እንደገና እስካቀጣጥል ሴቶቹ ራቁታቸውን ይንቀጠቀጣሉ።

ዘምዘም የምትባል ከቆላ የመጣች እናት ነበረች። ሰዓዳ የምትባል ገና መራመድ ያልጀመረች ልጅ አለቻት። አንድ ቀን ሰዓዳን እያጠብኳት እሳቱ ጠፋ፤ ነፋሱም ገባ።

«እህቴ፣ ከረሃብ ያወጣኋትን ልጅ አንቺ በነፋስ ልትገድይብኝ ነው?» አለችኝ ዘምዘም።

«አሁን ይነሳል፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

«እሳቱን መች አልኩሽ? ቀዳዳውን ድፈኚልኝ ነው የምልሽ! ገላዋ ሞቆ ነፋስ ከመታት ምች አይደለም ወይ? የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም?»

የአገሩ ልጅ ነኝ። ታጥቤ ስወጣ በርና መስኮት እየተዘጋልኝ ነው ያደግሁት። ገላው የሞቀን ሰው ነፋስ ከነካው ምች እንደሚይዘው እናቴም ጎረቤቶቼም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም «እውነቷን ነው» አሉ። የዱቄት ጆንያ አመጣሁና ለሁለት ቀደድኩት። ግማሹን በአየር ቀዳዳው ወተፍኩ። በግማሹ ውጭ ወጥቼ የቱቦውን አፍ ደፈንኩ። ትንሽ ክፍተት የተውኩ መስሎኝ ነበር።

«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ ዘምዘም።

ምርቃቱ ደስ አሰኘኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ስሰማ የቆየሁት ልቅሶ ብቻ ነበር። እሳቱም ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ጋሽ ካሳ በዚያ ሳምንት ሮቢት ላይ የተሰበረ የጭነት መኪና እየጠገኑ ነበር። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ተመለሱ፤ አልነገርኳቸውም።

ራስ ምታቱ የጀመረኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ብዙ ነበር። እሳቱ ወደ ቢጫ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ጋዙ እያለቀ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የሣጥኑ ፊት ጠቆረ፤ ጨርቅ አምጥቼ ወለወልኩት። ሲታጠቡ የነበሩ ሁለት ሴቶች በተለያየ ቀን ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ተሸክመን አወጣናቸው፣ አጥሚት ሰጠናቸው፣ ነቁ። ርቧቸው ነው አልን። በዚያ ጊዜ የወደቀ ሰው ሁሉ ርቦት ስለነበር ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም። በገበያ ቀን ውሃ የሚያመላልሰው መኪና ስለማይመጣ ሥራ አልነበረንም፤ በገበያ ቀን ራሴን አያመኝም። ዕረፍት በማግኘቴ ነው አልኩ።

ከእኔ ጋር የምትሠራው እትዬ ሐዋ የሮቢት ሴት ናት። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፤ ቀልዷ ግን የእኩያ ነው። ራስ ምታቱ በጀመረኝ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ስታጥብ ቆይታ ግንባሯን ይዛ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ሐዋ፣ አንቺንም አመመሽ?»

«እኔንማ እርጅና ነው። አንቺ ግን ፊትሽ ምን ሆኖ ነው እንደ አመድ የነጣው? ወላሂ ምች መቶሻል። ላብሽን ይዘሽ ውጭ ወጥተሽ ስትቆሚ አይቼሻለሁ።»

«ትምህርት ቤት ምች የሚባል በሽታ አላስተማሩንም።»

«ይሄው! ያላስተማሩሽ ነገር መጥቶ ያዘሽ» ብላ ሳቀች። «ቆይ፣ ዳማከሴ አመጣልሻለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ይዛ መጣች። በመዳፏ አሸችው፣ ግንባሬን ቀባችኝ፣ ከጭማቂውም በአፍንጫዬ ጠብ አደረገችልኝ። ከዚያ በኋላ ነፋስ በሌለበት ተሸፋፍኖ ማላብ ነው። ድንኳኑ ነፋስ ያስገባል። ከክሊኒኩ ጎን ያለው ዳስም ያስገባል። በካምፑ ውስጥ ነፋስ የማይገባበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። እሱንም እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ለቀጣዩ ተራ በርሜሉ በሙቅ ውሃ እየተሞላ ስለነበር ማሞቂያው ይነድዳል። እትዬ ሐዋ ብርድ ልብስ አልብሳ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። በሩን ዘግታ ወጣች።

ሞቀኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ጮኸ። አቅለሸለሸኝ። እነሳለሁ አልኩ። እግሬ አልታዘዘኝም። እሳቱን አየሁት። ቢጫ ነበር። እንዳጠፋው አሰብኩ። እጄ አልተነሳም። መጮህ እንዳለብኝም አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

እትዬ ሐዋ ሳሙና ረስታ ነበር። ልትወስድ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ወለሉ ላይ ወድቄ አገኘችኝ። በብርድ ልብሱ እየጎተተች ወደ ውጭ አወጣችኝ።

ክሊኒኩ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ትልቅ ድንኳን ነው። ስነቃ ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ቀኑን ግን አላውቀውም። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ሐኪሙ ተስቦ ወይም የሚያገረሽ ትኩሳት ጠርጥረው ከጣቴ ደም ወሰዱ። ሰው ብዙ ስለነበር የድንኳኑ ጎን ተገልጦ ነው ያደርነው፤ ጠዋት ራስ ምታቱ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ጠዋት ሐኪሙ ደሜን የቀቡበትን የመስታወት ስላይድ በማይክሮስኮፕ አይተው መጡ።

«ደምሽ ውስጥ ምንም አላገኘሁም» አሉኝ። «ሙቀትሽም ልክ ነው። ትኩሳት ሳይኖር እንዲህ የሚጥል ነገር ያሳስበኛል። ራስሽን የሚያምሽ መቼ ነው? የሚተውሽስ?»

ሥራ ላይ ሳለሁ እንደሚያመኝ፣ ውጭ ስወጣ እንደሚተወኝ፣ በገበያ ቀን ጭራሽ እንደማያመኝ ነገርኳቸው።

«አብራሽ የምትሠራውስ?»

«እሷንም ያማታል።»

ፊታቸውን ወደ መታጠቢያው ክፍል አዞሩ። ከዚያም «ማሞቂያው ጭሱ በየት ነው የሚወጣው?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚያች ደቂቃ ጆንያው ትዝ አለኝ።

ይህን ክፍል ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለሚያነብ ሰው የሚጠቅመው ይኸው ነው። አልመለስኩላቸውም። ያሰብኩት ከትምህርት ቤት መባረርን ነው። የታዘዝኩትን ጽፌ፣ አሥምሬ፣ ተቃራኒውን አድርጌያለሁ። በቱቦው ይወጣል ብል ውሸት አይሆንም፤ ቱቦ አለው። ጆንያውን በኋላ ራሴ ሄጄ አወጣዋለሁ አልኩ።

ከግቢው ማዶ የእትዬ ሐዋ ድምፅ ተሰማ። «ተረኞች ግቡ! ልጅ የያዛችሁ ቅደሙ! ዘምዘም፣ ነይ ግቢ እንጂ፤ ውሃው ሞቋል!» ቀደም ብለው የገቡት እንደገና የሚታጠቡበት የሁለተኛ ዙር እጥበት ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

«ደፍኜዋለሁ» አልኩ። «ቱቦውንም ቀዳዳውንም በጆንያ ደፍኜዋለሁ። አሁን ሰው ገባ።»

ሐኪሙ ሮጡ። እኔም ልነሳ ስል ወደቅሁ። ስለዚህ የሆነውን ያየሁት መሬት ላይ ተኝቼ፣ በተገለጠው የድንኳን ጎን በኩል ነው። በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወጣች። እትዬ ሐዋ ወጣች። ዘምዘም ወጣች። ሰዓዳ በሐኪሙ እጅ ላይ ነበረች። አንገቷ አልቆመም። አላለቀሰችም። ሐኪሙ ነፋስ ወዳለበት ወስደው አቀኗት፤ ደረቷን አሹ። ዘምዘም ነጠላዋን ልታለብሳት ስትጠጋ በእጃቸው ከለከሏት። ቆጠርኩ። ስንት እንደቆጠርኩ ጠፋብኝ። ከዚያ ሰዓዳ አለቀሰች።

ሁሉም ተረፉ።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ በጥላሸት የጠቆረውን ጆንያ ይዘው መጥተው አልጋዬ አጠገብ አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። «ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል» አሉኝ። «እሳት በቂ አየር ሲያጣ፣ ጭሱም መውጫ ሲያጣ ይፈጠራል። ጋዙ ራሱ ይሸታል፤ ይህ ግን አይሸትም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አንቺን ያዳነሽ ሳሙና የረሳችው ሴት ናት። ልጅቷን ደግሞ አንቺ ተናግረሽ አዳንሻት። ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ አሁን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።»

ክሊኒኩ ኦክስጅን አልነበረውም፤ ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ የሚሰጡኝ እሱን እንደነበር ሐኪሙ ነገሩኝ። የነበረን መድኃኒት ንጹሕ አየርና ዕረፍት ስለሆነ አልጋዬ ወደ ዳሱ ወጣና ለብዙ ቀናት ያንኑ የፈራነውን የሜዳውን ነፋስ እየተነፈስኩ፣ መንገዱ ላይ እህል ጭነው የሚያልፉትን መኪናዎች እያየሁ ተኛሁ። ራስ ምታቱ በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም፤ እየራቀና እየሳሳ ሄደ እንጂ። ከሁሉ ያስፈራኝ መርሳቱ ነበር፦ ጠዋት የበላሁትን ከሰዓት እረሳለሁ፣ የማውቃቸውን የአጥንት ስሞች ከደብተሬ ሳነብ እንደ አዲስ ይሆኑብኛል፣ ብዕር ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ይህ ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ዳንኩ ካለ በኋላ እንደገና እንደሚጀምረው ነግረውኝ ነበር፤ ባይነግሩኝ ኖሮ አእምሮዬ የተነካ ይመስለኝ ነበር። በየቀኑ አንድ ገጽ መገልበጥ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ የተጣመመው ጽሕፈቴም ቀስ በቀስ ቀና አለ።

እትዬ ሐዋ እሷም ሁለት ቀን ተኝታ ከተሻላት በኋላ እየመጣች ትቀመጥ ነበር።

«ዳማከሴዬን ስሙን አጠፋሽው» አለችኝ አንድ ቀን።

«ዳማከሴው ምን አደረገ? ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በሩን የዘጋሁትስ እኔ አይደለሁም? አልሐምዱሊላህ፣ ሳሙናውን ያስረሳኝ ጌታ! ባሌ ሁልጊዜ ዝንጉ ይለኝ ነበር። አሁን ይምጣና ይይ።»

ጋሽ ካሳ ማሞቂያውን ነቅለው በውጭው ግድግዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰቀሉት፤ ወደ ክፍሉ የሚገባው ሙቅ ውሃው ብቻ ሆነ። ቱቦውን አስረዘሙና ነፋስ እንዳይወርድበት ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ባርኔጣ ሠሩለት። እሳቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ከአቧራና ከነፍሳት ጠረጉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። «ነፋሱ እንደሚያስቸግርሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ይህን ባርኔጣ ያን ጊዜ እሠራው ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሱብኝም። እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው።

ይህን ለምታነቡ የምመክረው ጥቂት ነው። ማሞቂያ ባለበት ክፍል ውስጥ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ውጭ ስትወጡ ደግሞ ከተዋችሁ፣ ሌላ በሽታ ከመፈለጋችሁ በፊት እሳቱን አጥፉና ሰውን ሁሉ አውጡ። አብሯችሁ ያለው ሰውም ካመመው ጥርጣሬያችሁ ይጠንክር። ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ወደ አየር አውጡት፤ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ ከተቻለ ነቅቷል ብላችሁ አትተዉት። ቢጫ እሳትና ጥላሸት ሲታይ የሚጠራው ባለሙያ ነው፤ እንደ እኔ ጨርቅ አታንሱ። የጋዝ ሽታ ካለ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያው ላይ ቀቡ፤ አረፋው ካበጠ ከዚያ እያፈሰሰ ነው። ነፋስ የምትፈሩ ከሆነ ሰውየውን አልብሱት፤ የጭሱን መንገድ ግን አትንኩ። በማገገም ላይ ያላችሁ ደግሞ ብትረሱ አትደንግጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ጻፉ፣ ታገሡ።

ትምህርት ቤቱ አላባረረኝም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ታሪኩን በሙሉ ካዳመጡኝ በኋላ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድጽፈው አዘዙኝ። ሐኪሙን፣ ጋሽ ካሳንና እትዬ ሐዋን አመሰግናለሁ። አንድ ሰው ይቀራል።

ከቆቦ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ ዘምዘም ሰዓዳን ታቅፋ ወደ ዳሱ መጣች። ጆንያውን የወተፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ቱቦውንና ቀዳዳውን እንዳልነካም ተነግሮኝ እንደነበር፣ ስጠየቅም ዝም ብዬ እንደነበር ነገርኳት። ሰዓዳን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት።

«ድፈኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ አታውቂም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።»

«እሺ። አሁን ግን ተራዬ ነው፤ ልጄን እጠቢልኝ።»

ወደ መታጠቢያው ክፍል ገባን። ነፋሱ በላይኛው ቀዳዳ ይገባል። ዘምዘም ቀና ብላ አየችው። ነጠላዋን አውልቃ በሁለት እጇ ወጥራ በነፋሱና በልጇ መካከል ቆመች፤ እስክጨርስም ክንዷን አላወረደችም።